የቻርሊ ብራውን ገና የማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በ2020 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወረርሽኙ ሰዉን ቤት ዘግቶበት ሳለ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የልጆች ካርቱን አገር አነጋገረ። «የቻርሊ ብራውን ገና» ከነፃ ቴሌቪዥን ወጥቶ በአፕል የክፍያ አገልግሎት ብቻ ሊታይ ነው ተባለ። ቁጣው በረታ፣ ፊርማ ተሰባሰበ። አፕልም ከሕዝብ ጣቢያው ከፒ ቢ ኤስ ጋር ተስማማና ፊልሙ በዚያው ዲሴምበር ያለ ማስታወቂያ ታየ። የማሳየት መብቱን የገዛውን ፊልም በራሱ ቤት ላሳይ ባለ፣ ሰው ለምን ይቆጣዋል?

ነገሩ የሚጀምረው በ1965 ነው። ፊልሙን በስፖንሰርነት ያሠራው ኮካ ኮላ ሲሆን ፕሮዲውሰሩ ሊ ሜንደልሰን፣ ደራሲው ቻርልስ ሹልዝና አኒሜተሩ ቢል ሜለንዴዝ ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነበራቸው። ድምፁን የሰጡት ልጆች ናቸው፤ የቻርሊ ብራውንን እህት ሳሊን የሆነችው ሕፃን ማንበብ ስለማትችል ቃሉን ቆራርጠው እያሉላት ነው የቀረጿት። ፊልሙን የሚያሳየው ጣቢያ የሲ ቢ ኤስ ኃላፊዎች ውጤቱን አልወደዱትም። አዝጋሚ ነው፣ ተቀርጾ የሚገባ ሳቅ የለውም፣ ሙዚቃውም የቪንስ ጓራልዲ ጃዝ ነው። በዚያ ላይ የቻርሊ ብራውን ጓደኛ ሊነስ መድረክ ወጥቶ ከሉቃስ ወንጌል የልደቱን ታሪክ በቃሉ ይላል፤ መልአኩ እረኞቹን የሚያረጋጋበት ቦታ ሲደርስ ከእጁ የማይለየውን ብርድ ልብስ ይለቀዋል። ቴሌቪዥን ላይ ወንጌል ያስኬዳል ወይ ተብሎ ነበር፤ ሹልዝ ግን አልተበገረም። ዲሴምበር 9 ማታ ሲታይ፣ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈተው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እሱን አየ።

ገና ሸቀጥ ሆነ ብሎ የሚያዝነው ይህ ፊልም መክፈቻው ላይ የኮካ ኮላ ስም ነበረበት፤ ኋላ ተቆርጦ ወጣ። ጊዜው እንደዚያ ነበር። በ1964 የወጣውን የገና ፊልም፣ የአጋዘኑን የሩዶልፍን ታሪክ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ በ1966 የመጣውን ሌላ የገና ካርቱን «ግሪንች»ን ደግሞ የባንኮች ማኅበር ነበር ስፖንሰር ያደረጉት። ስለዚህ «ነፃ» የተባለው ቴሌቪዥን ያኔም ነፃ አልነበረም፤ ተመልካቹ ማስታወቂያ እያየ ይከፍል ነበር።

እንዲያውም አፕል ላይ ያለው ቅጂ ይሻላል ብል አላጋነንኩም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማስታወቂያ በበዛ ቁጥር ፊልሙን እየሸራረፉ ነበር፤ አሁን ሙሉውን፣ ሳይቋረጥ ማየት ይቻላል። የጎደለው ሌላ ነው። ቪዲዮ ማጫወቻ ባልነበረበት ዘመን ያቺ አንድ ማታ ካመለጠች ዓመት መጠበቅ ነው፤ አያትም የልጅ ልጅም ጎረቤትም በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ያያል። በፈለጉት ሰዓት የሚከፈት ፊልም ያንን ቀጠሮ አይሰጥም፤ የ2020ውም ቁጣ፣ በእኔ ግምት፣ ከፊልሙ ይልቅ ስለ ቀጠሮው ነበር። (አሜሪካ ያሉ የሐበሻ ልጆች ቀጠሮው ድሮም እንደ ጎደለባቸው ነው፤ የቤታቸው ገና ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፣ ከቴሌቪዥኑም የገና ፊልም ጠፍቷል።)

ፒ ቢ ኤስ በ2021 ደገመው፣ ከ2022 ወዲህ ግን ቀረ። አፕል በየዲሴምበሩ ለጥቂት ቀናት ላልከፈለም ሰው ይከፍተዋል። ሩዶልፍ ግን መጀመሪያ ወደ ታየበት ጣቢያ፣ ወደ ኤን ቢ ሲ፣ በ2024 ከነማስታወቂያው ተመልሷል።