ሁለት ነጥብ

«እሺ የኔ ልጅ፣ ስንት አመጣህ?» ትላለች እናት በስልክ።

«ሁለት ነጥብ አንድ፣ እማዬ።»

«ከስንት?»

«ከአራት።»

ትንሽ ዝም ትልና «ግማሽ በለኛ! እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ጤናህን ይስጥህ» ትላለች። አይፈረድባትም። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ልጇ ከመቶ ሰማንያና ዘጠና ሲያመጣላት ኖሯል። ልጁ ግን የደወለላት ለዶርም ጓደኞቹ ሻይ ጋብዞ ሲመለስ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከ2.00 በላይ ይዞ የጨረሰ ፍሬሽማን ግቢ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

የዚህን ቁጥር ሕግ የሚያወጣው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ነው። የሴኔቱ መተዳደሪያ፣ በተማሪው አፍ «ሌጂስሌሽን» የሚባለው፣ ስለ ምዝገባ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ውጤትና ስለ መባረር የሚደነግግ ወፍራም ሰነድ ነው። ገና ሲገባ የሚያነበው ተማሪ አይቼ አላውቅም። ሊባረር ሲል ግን አንቀጽ እየጠቀሰ የሚሟገት ሞልቷል።

ከአራት የሚቆጠረው ነጥብ የሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ኮሌጅ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመሩትም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት የሚባል ክብደት አለው። ተማሪው የሚያገኘው ፊደል ደግሞ ነጥብ አለው፤ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ። በመካከላቸው ፕላስና ማይነስ አለ። ነጥቡ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ሁሉም ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። የአንድ ሴሚስተሩ ጂፒኤ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ሲጂፒኤ።

አሁን በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት ሚዛን ጥሬ ውጤቱ 50 የሆነ ተማሪ ሲ ያገኛል፣ ሲ ደግሞ 2 ነው። ስለዚህ እናቲቱ «ግማሽ» ማለቷ ትክክል ነበር። ግን ሚዛኑ እንደ መሰላል ስለሆነ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈለቃል። 59 ያመጣ ልጅ ሲ ይዞ 2.00 ያገኛል፤ 60 ያመጣው ሲ ፕላስ ይባልና 2.50 ይሆናል። ተማሪ ለአንዲት ማርክ የመምህሩን ቢሮ ደጅ ሲጠና የሚውለው ለዚህ ነው። ከላይ ደግሞ 85 ያመጣና 100 ያመጣ በነጥብ እኩል ናቸው። ይህን ሰቃዮቹ አይወዱትም።

የሚያስደንቀኝ ግን ክሬዲቱ የሚሠራው ሥራ ነው። ሁለት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ኤ እና አንድ ዲ አመጡ እንበል። የመጀመሪያው ኤውን ያገኘው በባለ 4 ክሬዲት ኮርስ፣ ዲውን በባለ 2 ነው። 16 እና 2፣ ድምሩ 18፣ ለ6 ሲካፈል 3.00። ሁለተኛው ገልብጦ አመጣው፤ 8 እና 4፣ ድምሩ 12፣ ለ6 ሲካፈል 2.00። ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው፤ አንዱ ግን ደህና ተማሪ ሲባል ሌላው ጠርዝ ላይ ቆሟል።

ሌላው ደግሞ ሲጂፒኤ ያለፈውን አለመርሳቱ ነው። በ15 ክሬዲት 2.00 ይዞ የጀመረ ፍሬሽማን በሁለተኛው ሴሚስተር በሌላ 15 ክሬዲት ሙሉ በሙሉ ኤ ቢያመጣ 3.00 ላይ ይወጣል። ያው ልጅ ነቅቶ ማጥናት የጀመረው 90 ክሬዲት ከጨረሰ በኋላ ከሆነ፣ በዚያው 15 ክሬዲት ሁሉንም ኤ ቢያመጣ ነጥቡ ከ2.00 ወደ 2.29 ነው የሚንፏቀቀው። የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለው፤ የዲፓርትመንት ምደባ በአብዛኛው የሚታየው በእሱ ነው። ከቤቱ ገና የተለየ፣ በካፌ ምግብ ሆዱ የተረበሸ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ይህን ያህል መጫን ይከብዳል ባይ ነኝ።

ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ያለ ሁሉ ወዲያው አይባረርም። ለጀማሪ ሕጉ ራራ ይላል፤ በብዙ ግቢ 1.75 የያዘ ፍሬሽማን ይሻገራል። ከዚያ በታች ማስጠንቀቂያ፣ ፕሮቤሽን፣ በመጨረሻ «ኤዲ» የሚባለው መባረር አለ። ኤዲ የሆነ ሁሉ ግን ለዘለዓለም አልተሰናበተም፤ ነጥቡ ብዙ ካልወረደ በሪአድሚሽን የመመለስ ዕድል አለው።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ያልተነበበው አንቀጽ ነው። በእኛ ዶርም የነበረ አንድ ልጅ፣ አባቱ ታመው ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ለማንም ሳይናገር አገሩ ገባ። ሲመለስ ኮርሶቹ ሁሉ ኤፍ ሆነው ጠበቁት። ረጂስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ኮርሶቹ ያለ ነጥብ ተዘግተው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሴሚስተር ይቀጥል ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ከአራት መቆጠሩ ሳይለወጥ የትምህርቱ ዘመን ግን ሲያጥርና ሲረዝም ኖሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ቋንቋውና ታሪኩ ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሆኖ፣ አርትሱም ሳይንሱም አራት ዓመት ይፈጅ ነበር። (አርትስ ሲባል ሥዕል የሚመስለው ዘመድ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍናም በዚሁ ስም ይጠራሉ።) ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መሰናዶው አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ተብሎ አብዛኛው ዲግሪ ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ። አሁን ፊዚክስ የሚመርጠውም ታሪክ የሚመርጠውም ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ይማራሉ። ለእኔ ጥሩ ለውጥ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን «አሥራ ሦስተኛ ክፍል» ቢሉት አልገረምም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ 2.00 ብቻውን አይበቃም። የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ማለፊያው 50 ነው። ሲጂፒኤው 3.90 የሆነም ቢሆን ይህን ካላለፈ ዲግሪው አይሰጠውም፤ ደግሞ ይፈተናል። ፈተናው ወደ ነጥቡ ድምር አይገባም፣ ክሬዲትም የለውም። ውጤቱ የሚነገረው ከመቶ ነው። እናቲቱ ማንም ሳይተረጉምላት የምትሰማው የመጀመሪያው የግቢ ቁጥር ይኸው ነው።