ጠጅና ድንጋይ በዋግ

ስለ ዋግ ቅርስ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ይህ አያስገርምም፤ ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። ከዐለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ ፊቱ በግንበኛ እጅ የታነጸ ሕንፃ መስሎ ተቀርጿል። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው ግን ከቅርስ ጋር ስሙ ብዙም የማይነሳውን ቤት ነው፤ ጠጅ የሚጣልበትን፣ ሰውም ተሰብስቦ የሚጠጣበትን የድሮ የድንጋይ ቤት።

የዋግ ደጋ ድንጋይ አያጣም። ግንበኛው ድንጋዩን እየመረጠና እየጠረበ፣ በጭቃ እያያዘ ይክበዋል። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይወፍራል፤ በረድፎቹ መካከል አልፎ አልፎ እንጨት ይጋደማል፣ ግንቡ እንዳይሰነጠቅ። ይህ ብልሃት በአካባቢው የቆየ ነው። በጎረቤት ላስታ፣ ከላሊበላ ወደ ሰሜን፣ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የእንጨትና የተለሰነ ድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቀ ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው እንደ ቦታው ይለያያል። ሳር ባለበት ሳር ይከደናል፤ ወደ ትግራይ አዋሳኝ ሲቀረብ ደግሞ በወፍራም አግዳሚ ላይ እንጨት ተረብርቦ አፈር ይደለደልበታል።

ከፀሐይ ገብቶ በሩን ያለፈ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም። መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ብርሃኑ የሚገባው ከበሩ ነው። ዓይን ሲለምድ በግድግዳው ዙሪያ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራው መደብ ይታያል፤ ጠጪው ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ከመጋረጃው ወይም ከአጎዛው ጀርባ ጓዳው አለ። እዚያ ጋኑ በማቶቱ ላይ ተቀምጦ፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ፣ ጆሮ ለሚሰጠው ሰው ቀስ እያለ ሲፈላ ይሰማል።

ቤቱንና ጠጁን ነጥሎ ማየት የማይቻለው እዚህ ላይ ነው። በደጋ ቀኑ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ማሩን ወደ ጠጅ የሚለውጠው እርሾ እንዲህ ያለ መዋዠቅ አይስማማውም፤ ሲሞቀው ይቸኩላል፣ ሲበርደው ይተኛል። ወፍራሙ ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ጠጥቶ ሌሊት መልሶ ይሰጣል፣ ጓዳውም ቀን ከሌሊት ተቀራራቢ ሆኖ ይቆያል። በቆርቆሮ በተከደነ ስስ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላው እቶን ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ። ጠጅ ጣይዋ የቱንም ያህል እጇ ቢጣፍጥ፣ ቤቱ ካላገዛት ጠጁ ከመድረቅ አልፎ ይኮመጥጣል።

ማሩም የራሱ ወግ አለው። የዋግ ነጭ ማር በስሙ የሚፈለግ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ቁጥቋጦውና ሜዳው ያብባል፣ በጥቅምትና በኅዳር ቀፎው ይቆረጣል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጋኑ አስቀድሞ ታጥቦ በጭስ ታጥኗል። ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፣ ጌሾው ይገባበታል፣ ምሬቱና ማጣፈጫው እሱ ነውና። ሳይፈላ የሚቀዳው ብርዝ ለልጅም ለአዋቂም ይሆናል። የፈላው ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እየተባለ ይጠየቃል። ደረቁን የሚመርጥ ሰው ከመደቡ ሲነሳ ጉልበቱን መጠየቅ አለበት።

በድሮው ሥርዓት ጠጅ የጌታ መጠጥ ነበር፣ የገበሬው ድርሻ ደግሞ ጠላ። ጠጅ ቤት የሚለው ስምም በቤተ መንግሥት ውስጥ አዛዥ የተሾመለት የሥራ ክፍል መጠሪያ ነበር። ዋግ የዋግሹሞች አገር ነው፤ ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ተቀምጠዋል። በመኳንንት አዳራሽ ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ይቀዳ ነበር፣ በገንዘብ ግን አይሸጥም ነበር። ብርሌው የመጣው በኋላ ነው። በሌላ በኩል ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ሜዳ ወጥቶ በቅሎና አህያ የተጫነው ጨው በዚህ ያልፍ ነበር፤ መንገደኛ በሚያድርበት ከተማ ደግሞ መጠጥ የምትሸጥ ሴት አትጠፋም። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ በበር ላይ ከታየ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ይህ ምልክት በሰሜኑ አገር ዛሬም ይሠራል።

በአዲስ አበባ ምግብና መጠጥ በገንዘብ የሚቀርብበትን ቤት በትልቁ ያሳዩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ሆቴላቸው በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ። ሰፊው የእንጨት ደረጃና በረንዳው ዛሬም ሰው ይጠራል። በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ ሲቃጠል አገር ደነገጠ፣ መደንገጡም ተገቢ ነበር። በዋግ ከተሞች አንድ የድንጋይ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ ግን ማንም አይሰማም። ከቤቱ ጋር ጠጁም ይለወጣል፤ ማር ሲወደድ ስኳር ይገባበታል፣ ቀለሙ ያው ቢመስልም ጣዕሙ አፍ ላይ አይቆይም።

አሮጌ ቤት ያለው ሰው ሊያስጠግን ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ይህ ግን ያጠፋዋል። በጭቃ የተካበ ግንብ የገባበትን እርጥበት በጭቃው በኩል ያስወጣል፤ ሲሚንቶው ያንን መንገድ ይደፍነዋል፣ ውሃው ውስጥ ተይዞ ጭቃውን ያላላዋል፣ እንጨቱንም ያበሰብሰዋል። ግንቡ የሚጠገነው በተገነባበት በራሱ ጭቃ ነው፣ ጭድ ተጨምሮበት በደንብ ከተረገጠ በኋላ። የአፈር ጣሪያውም ክረምት ሳይገባ መደልደል አለበት። ይህን ሥራ በእጃቸው የሚያውቁ ሽማግሌ ግንበኞች በገጠሩ አሉ፤ ወጣቶች ከጎናቸው ሆነው ቢሠሩ ሁለት ሦስት ክረምት ይበቃቸዋል።