ትሪፕ፣ ካሪዮላ፣ ከረጢት፦ የካምፓላ የኮንክሪት ሂሳብ

በካምፓላ ዳር ናጄራ ወይም ኪራ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋ ሲያዝ ስለ ሜትር ኪዩብ አያነሳም፤ «አንድ ትሪፕ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ ቢያጆ የሚባለው መሆኑ ነው። ሲሚንቶው በ50 ኪሎ ከረጢት፣ ውሃው በቢጫ ጀሪካን ይመጣል፤ ጠጠሩ በካሪዮላ ይሰፈራል። መሐንዲሱ የሠራው ፕላን ግን የሚያውቀው ሜትር ኪዩብን ብቻ ነው። የኮንክሪት ግምት ከባዱ ክፍል ማባዛቱ ሳይሆን አንዱን መስፈሪያ ወደ ሌላው መመለሱ ነው።

ማባዛቱማ ቀላል ነው። 10 በ8 ሜትር የሆነ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 12 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ይወስዳል። ለሚፈሰውና ለሚባክነው 10 በመቶ ሲታከልበት 13.2 ይሆናል። በአንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ቅይጥ ሲሰላ 84 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 5.8 ሜትር ኪዩብ አሸዋ እና 11.6 ሜትር ኪዩብ ጠጠር ማለት ነው። የሦስቱ ድምር ከ13.2 መብለጡ አያስገርምም፤ አሸዋው በጠጠሩ መሃል፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መሃል ይገባና ሲቦካ መጠኑ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ካሪዮላ ጥሩ አገልግሎት ትሰጣለች። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል፤ የተለመደችው ካሪዮላ ደግሞ 65 ሊትር ያህል፣ እጥፍ ሊባል በሚችል መጠን። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት አንድ ካሪዮላ አሸዋና ሁለት ካሪዮላ ጠጠር ከተባለ ቅይጡ ተገኘ። ችግሩ ጠዋት ልኳን ተደልድላ የምትሞላው ካሪዮላ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሲደክምና ሲቸኩል ቁልል ብላ መምጣቷ ነው። ቅይጡ ሳይታወቅ ይሳሳል።

አሸዋው ራሱም ያታልላል። ካምፓላ ከምትጠቀምበት አሸዋ ብዙው የሚመጣው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ በማሳካ መንገድ ላይ ያለው የሉዌራ ረግረግ በዚህ ይታወቃል። አሸዋ በመጠኑ ሲረጥብ ቅንጣቶቹ በውሃ ተለያይተው ይቆማሉ፤ መጠኑም እስከ ሩብ ያህል ሊያብጥ ይችላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ዝናባማ ወራት 5.8 ሜትር ኪዩብ ደረቅ አሸዋ ለማግኘት 7 ያህል ማዘዝ ሊያስፈልግ ይችላል። የጭነት ሳጥኑን በሜትር መለካት ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ከመከራከር ይሻላል፦ የኤልፍ የጭነት መኪና ሳጥን 3 ሜትር ርዝመትና 1.8 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ አሸዋውም ተደልድሎ ግማሽ ሜትር ቢቆም፣ ትሪፑ 2.7 ሜትር ኪዩብ ነው። ስለዚህ «ሁለት ትሪፕ ይበቃሃል» የሚለው ምክር ሥራውን መሃል ላይ ያስቆማል።

ከረጢቱም ይነበባል። የቶሮሮም ሆነ የሂማ ሲሚንቶ ላይ 32.5 ወይም 42.5 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ የሲሚንቶው ጥንካሬ ደረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ለግንብና ለልስን፣ ሁለተኛው ለኮለንና ለሶሌታ ይመረጣል። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ጀሪካንና ሩብ፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። ሠራተኛ ቅይጡ በቀላሉ እንዲፈስለት ውሃ ሲጨምር የሚቀነሰው ጥንካሬው ነው።

አቅሙ ያለው በሚክሰር መኪና የተቦካ ያዛል። አንድ መኪና ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ትልልቆቹ ከሆኑ ለዚህ ሶሌታ ሁለት ይበቃሉ። በስልክ «ኮንክሪት ላኩልኝ» ማለት ግን አያዋጣም። የጥንካሬው ደረጃ (ለምሳሌ ሲ-25)፣ የጠጠሩ ትልቁ መጠን፣ ፓምፕ ማስፈለጉ፣ በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ሰዓት ሁሉ መነገር አለበት። ኮንክሪት ውሃ ከነካው በኋላ በተለምዶ በ90 ደቂቃ ውስጥ እንዲፈስ ይፈለጋል፤ የጂንጃ መንገድ የትራፊክ ጃም ደግሞ ይህን አይጠብቅም። ሁለተኛው መኪና ዘግይቶ ሲደርስ የመጀመሪያው ኮንክሪት ጠንክሮ ይቆይና መጋጠሚያው ላይ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ ይተዋል። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር የሚገባው ቀይ አፈርም በዝናብ ሲላቁጥ ከባዱን መኪና ይይዘዋል፤ ስለዚህ መንገዱ ከማዘዙ በፊት መታየት አለበት።

ብዙ ኮንክሪት የማይፈጅ ሌላ መንገድም አለ። በእንቴቤ መንገድ ካጃንሲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው ዩጋንዳ ክሌይስ የተባለ ኩባንያ ማክስፓን የሚባል ውስጡ ባዶ የሸክላ ብሎክ ይሠራል። ብሎኮቹ በረድፍ ይደረደራሉ፤ በመሃላቸው ፌሮና ኮንክሪት፣ በላያቸው ደግሞ ስስ የኮንክሪት ንጣፍ ይሞላል። አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ወለሎች የምታውቀው የብሎክ ሶሌታ ዘመዱ ነው። ኮንክሪቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ርዝመት በስፋት በውፍረት የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም፣ የብሎኮቹ ቦታ መቀነስ አለበት።

ሙሌቱ ሲያልቅ ፎርማኑ ጠርዙን ያስተካክላል፤ ሠራተኞቹ ካራይ የሚሉትን የብረት ሳህን ያጥባሉ። ጠንቃቃ ባለቤት ግን ወደ ጥጉ ሄዶ ባዶ ከረጢቶቹን ይቆጥራል። 84 ቢሆኑ ሲሚንቶው ሶሌታው ውስጥ ነው። 70 ብቻ ካሉ ወይ ቅይጡ ሳስቷል፣ ወይ 14ቱ ሳይከፈቱ በሌላ በር ወጥተዋል።