የሠርግ ፎቶ ቦታ ስትቃኙ

ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች «የት ያምራል?» ይሉኛል። እኔ የማስቀድመው ሰዓቱን ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይዋ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚመጣው ለስላሳ ብርሃን ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ቦታውን ማየት ያለባችሁ በቀረጻው ሰዓት ነው። እንጦጦ ላይ ለምሳሌ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ቀድሞ ይጨልማል፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሆነ ብርዱም አይጣል ነው፣ ቬሎ ለለበሰች ደግሞ ይብሳል።

በስልካችሁ አንስታችሁ እዩት። ዓይን ያለፈው የመብራት ሽቦና ፌስታል እዚያ ላይ ይወጣል።

አደይ አበባ የሚፈልግ ከመስከረም አይዘግይ። የፓርክ ፈቃድና ክፍያ የሚጠየቀው ቢሮው ነው፤ የበር ጥበቃው «ግድ የለም» ቢላችሁ አትመኑ። ሙሽሪት ልብስ የምትቀይርበትንም ያኔውኑ ፈልጉ።