ጨረር ለቁርጥማት ይሆናል?



ቀኑን ሙሉ ሲያጥቡና ሲወለውሉ የዋሉ እጆች ማታ ቢያሙ አይገርምም። የድካም ሕመም በዕረፍት ይቀልላል። ጠዋት ጣቶቻችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካሉ፣ የሁለቱም እጆች መገጣጠሚያ አብጦ ለሳምንታት ከቆየ ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል።

በጀርመን አገር ለመገጣጠሚያ ሕመም አነስተኛ ጨረር ይሰጣል። «ጨረር የካንሰር ሕክምና አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ለካንሰር ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 ግሬይ ሲሰጥ፣ ለመገጣጠሚያ ግን በጠቅላላው ከ3 እስከ 6 ግሬይ፣ ያውም በየጊዜው እየተከፋፈለ ይሰጣል። ትልቁ መጠን ሕዋሳትን ይገድላል፤ ትንሹ ብግነትን ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በታተሙ ሁለት የሆላንድ ጥናቶች የእጅና የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተጎዳ ሰዎች ግማሾቹ እውነተኛ ጨረር፣ ግማሾቹ የማስመሰያ ብቻ ተሰጣቸው። በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በብሪታንያ ደግሞ ከ1935 እስከ 1954 ለአከርካሪ ብግነት በጨረር የታከሙ ከ13,000 በላይ ሰዎች ሲጠኑ የደም ካንሰር በዝቶባቸው ተገኘ። የዛሬው መጠን ከዚያ በጣም ያነሰ ቢሆንም፣ ለወጣትና ለነፍሰ ጡር ሴት የሚመረጥ ሕክምና አይደለም።

ለሩማቶይድ መገጣጠሚያን ከመበላሸት የሚያድነው በጊዜ የተጀመረ መድኃኒት ነው። ዋነኛው ሜቶትሬክሴት ሲሆን የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። ጽንስንም ስለሚጎዳ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች አትወስደውም። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ኮርቲዞን ሕመሙን ቶሎ ቢያስታግስም፣ ሲዘወተር አጥንትን ያሳሳል፤ ስኳርና ደም ግፊትንም ያመጣል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ «ሥራዬን አጣለሁ» ብላችሁ እብጠቱን አትደብቁ። ለማዳም በጊዜ ንገሩ፤ «ዶክቶር ሩማቲዝም» ብላችሁ ጠይቁ፤ ውላችሁ ስለ ሕክምና ወጪ የሚለውንም አስነብቡ። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ ይላልና።

እግዚአብሔር እጆቻችሁን ይባርክ፤ ምሕረቱን ይላክላችሁ።