ብርሃንና አልጌ

በላስታ ዝናም ያቆረው ኩሬ ጥቂት ሲሰነብት አረንጓዴ እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን። ይህን ቀለም ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አልጌ የሚባል፣ አንዱ ለብቻው በዓይን የማይታይ ደቃቅ ሕያው ነገር ነው።

ከዚህ ዓይነት ለምግብ የሚሆን አለ። በቻድ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሴቶች ስፒሩሊናን ከውሃ አጥልለው በፀሐይ አድርቀው ለወጥ ያደርጉታል። ሊቃውንት ከባክቴሪያ ወገን ቢመድቡትም፣ ምግቡን እንደ አልጌ በብርሃን ይሠራል፤ ከደረቀ በኋላም ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ብዙ ሕዝብ ላለቀበት አገራችን ነገሩ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል።

አርቢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ የብርሃንን ጠባይ ነው። አልጌ እንደ ገብስ በብርሃን ኀይል ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን ይሠራል፤ በጨለማ ግን ያከማቸውን ይጨርሳል። ታዲያ ብርሃን በበዛ ቍጥር ምርቱ ይበዛልን? እስከ ወሰኑ ድረስ አዎን፤ ከወሰኑ ሲያልፍ ግን ብርሃኑ ራሱ ይጎዳዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ጥላ ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘውን አረንጓዴ ሐይቅን ቶሊንግና ባልደረቦቹ መርምረው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አስረድተዋል። ሐይቁ በስፒሩሊና ከመሞላቱ የተነሣ፣ ምግብ ለመሥራት የሚበቃው ብርሃን አንድ ሜትር እንኳ አይወርድም ነበር። ዘር አብዝቶ የዘራ ገበሬ አዝመራው እንደሚተፋፈግበት ማለት ነው። ስለዚህ አርቢዎች የገንዳውን ጥልቀት ከ30 ሳንቲሜትር አያሳልፉም፤ ሁሉም በየተራው ብርሃን እንዲያገኝ ውሃውን ያማስላሉ፤ ሲወፍርም እያጠለሉ ያሳሱታል።

ላስታስ? ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በበጋ ፀሐይ አይጐድልባትም፤ የሚጐድላት ሙቀት ነው። ስፒሩሊና ደኅና የሚያድገው ውሃው ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው፤ የደጋው ሌሊት ግን ብርድ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ውሃው በቀዘቀዘ ጊዜ ብርቱ ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት መባሱ ነው። እንግዲህ ጥርት ያለው የጧት ፀሐያችን በቀዝቃዛ ገንዳ ላይ ሲያርፍ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በኛ አገር ሊሞክረው የሚነሣ ሰው ሌሊት ገንዳውን በላስቲክ ይሸፍን፤ ጧትም ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ጥላ ያድርግለት።

ወላጆቻችንንና ታናናሾቻችንን ግን አደራ የምለው አለ። በኩሬ ከሚበቅለው መካከል መርዛም ስላለ፣ ከዚያ ቀድቶ መብላት አይገባም። ለምግብ የሚሆነው ዘሩ ታውቆ በንጹሕ ውሃ የረባው ብቻ ነው።

ፀሐይን ያለ ዋጋ ተሰጥተናል፤ መጠኗን ማወቅ ግን የኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።