ስለ ታሰረ ትከሻ ሕክምና

መሪጌታው በማኅሌት ቆመው መቋሚያቸውን ሊያነሡ ሲሉ ክንዳቸው ከደረት በላይ አልወጣ ቢላቸው፣ ወይም እናት የልጃቸውን ጠጉር ሹሩባ መሥራት ቢሳናቸው፣ በጎንደር ከተማም ሆነ ከዳባት እስከ ደባርቅ በተዘረጋው ደጋ «ብርድ ነው» ይባልና ወደ ወጌሻ ይኬዳል። አሜሪካዊው ሐኪም ኮድማንም እ.ኤ.አ. በ1934 ይህን ሕማም በበረዶ መያዝ መስሎ ሰይሞታል፤ ይሁን እንጂ መንሥኤው ብርድ ሳይሆን የትከሻን መገጣጠሚያ የሚያለብሰው ከረጢት ተቈጥቶ መወፈሩና መኰማተሩ ነው። ይልቁንም ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉትን፣ ከወንዶችም ሴቶችን፣ ከሁሉም አብልጦ የስኳር ሕሙማንን ያጠቃልና፣ ትከሻው የታሰረበት ሰው ደሙን ሳያስመረምር ሊቀር አይገባውም።

ሕማሙ በመጀመሪያ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሥቃይ፣ ቀጥሎ ግትርነት፣ በመጨረሻም ቀስ በቀስ መፈታት ሆኖ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቈያል። ዐቢዩ ክርክርም ክንዱ በኀይል ይሳብ ወይስ በትዕግሥት ይያዝ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሆላንድ 77 ሕሙማን ለሁለት ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ ሥቃይ እስከሚፈቅደው ብቻ ከተንቀሳቀሱት ከመቶው 89፣ እስከ ሥቃይ ድረስ ከተሳቡት ግን 63 ብቻ ወደ ደኅና ትከሻ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው፣ 503 ሰዎችን ያቀፈው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ በማደንዘዣ ክንድን ማላቀቅን፣ ወደ መገጣጠሚያው በሚገባ መነጽር የሚደረግ ቀዶ ጥገናንና ከስቴሮይድ መርፌ ጋር የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒን አመዛዝኖ፣ ከዓመት በኋላ አንዱ ከሌላው በሕመምተኛው ዘንድ ጎልቶ የሚታይ ብልጫ እንደሌለው፣ ቀዶ ጥገናው ግን ብርቱ ጉዳት እንደሚበዛበት አገኘ። ወደ መገጣጠሚያው የሚገባው የስቴሮይድ መርፌ በሥቃዩ ወራት እፎይታ ይሰጣል፤ የስኳር ሕመምተኛን ግን ስኳሩን ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርግበታልና ሐኪሙ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

እንግዲህ ከደባርቅ ተነሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ ገበሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ማሠልጠኛ ሆኖ ተመሥርቶ ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያስተምረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሊሰጠው የሚችለው ዋነኛ ስጦታ፣ በእኔ አሳብ፣ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ትምህርት ነው፤ በደኅናው እጁ ጠረጴዛ ተደግፎ ያጐነብሳል፣ የታመመውን ክንድ በሰንሰለት እንደ ተንጠለጠለ ጽንሐ ለቅቆ በዝግታ ያወዛውዛል። ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነውና፣ ወጌሻውም ተንቆ ሳይቀር፣ በሥቃዩ ወራት ክንድ በኀይል እንዳይጐትት ከዚያው ትምህርት ሊካፈል ይገባዋል።